ሁለቱን ትታችሁ ኑ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ አሰልጣኞች፣ ልጆቼም፤ እንኳን ለውድድር ዘመኑ መዝጊያ አደረሳችሁ። ሽልማቱ ከመሰጠቱ በፊት ስለ አንድ ቡድን ልንገራችሁ።

እዚህ ሳን ፍራንሲስኮ ያለውን ኬዛር ስታዲየም ታውቁታላችሁ፤ ልጆቻችንን ይዘን ስንት ቅዳሜ በአጠገቡ አልፈናል። እ.ኤ.አ. በ1951 የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን እዚያ ይጫወት ነበር። አሰልጣኙ ጆ ኩሃሪች ነበር። ዘጠኝ ጊዜ ገጥመው ዘጠኙንም አሸነፉ። ኦሊ ማትሰን ኳስ በእጁ ይዞ 1,566 ያርድ ሮጠ፤ በዚያ ዓመት በአገሪቱ ኮሌጆች የሚስተካከለው አልተገኘም። በርል ቶለር የመከላከሉ ምሰሶ ነበር። ሁለቱ ጥቁሮች ናቸው።

እንዲህ ያለ ቡድን በፈረንጆች አዲስ ዓመት ሰሞን ለሚደረጉት ታላላቅ ግጥሚያዎች መጠራት ነበረበት። ጥሪው ግን፣ ተጫዋቾቹ እስከ እርጅናቸው እንደተናገሩት፣ ቅድመ ሁኔታ ነበረው፦ ሁለቱን ትታችሁ ኑ። ዩኒቨርሲቲው ቡድኑን የሚያኖርበት ገንዘብ አጥሮታል፤ የግጥሚያው ገቢ ያስፈልገው ነበር። ልጆቹ እምቢ አሉ። ሳይጠሩ ቀሩ፤ ቡድኑም በዚያው ፈረሰ። ቶለር በጉልበት ጉዳት መጫወቱን ቢያቆምም እ.ኤ.አ. በ1965 በፕሮፌሽናሉ የአሜሪካ እግር ኳስ ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ሆነ። ዛሬ በዩኒቨርሲቲው አንድ የተማሪዎች መኖሪያ በስሙ ይጠራል።

አሁን የመጣሁበትን ልናገር።

ባለፈው ሐምሌ ለውድድር ስንሄድ ሚኒባሱን የነዳሁት እኔ ነኝ። ገና ሳይነጋ አንድ ልጅ ማሊያውን ለብሶ፣ ጫማውን በፌስታል አንጠልጥሎ በር ላይ ቆሟል። የጉዞው ክፍያ አልተከፈለለትም። እናቱ ሌሊት ሥራ ገብታለች። «ጋሼ፣ ስሜ የለም እንዴ?» አለኝ። ዝርዝሩን አየሁ፤ የለም። «ለሚቀጥለው ዓመት» አልኩትና ሞተር አስነሳሁ። ከመኪናው የወረደ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ጉዞ ያመጣነው ዋንጫ ይኸው ጠረጴዛው ላይ ነው። ደንብ ነው ተባልኩ። የእነዚያም ግጥሚያ አዘጋጆች ደንብ ነበራቸው! የዘር መድልዎና የክፍያ ጉዳይ አንድ እንዳልሆኑ አውቃለሁ፤ በር ላይ የቀረ ልጅ ግን ይህን አያመዛዝንም። እነዚያ ወጣቶች ቡድናቸውን ከነነፍሱ አጡ፤ እኛ የተጠየቅነው የአንድ ልጅ የነዳጅና የምሳ ድርሻ ነበር። የዚህ አዳራሽ ኪራይ ስንት ነው? ገንዘብ የለንም አትበሉኝ!

የዘንድሮው የጉዞ ዝርዝር ላይ ማን ከፈለ፣ ማን አልከፈለ የሚል እንዳይጻፍበት እጠይቃለሁ። የሜዳውን ኪራይና የማሊያ ግዥውን ሂሳብ ገንዘብ ያዣችን ያቀርበዋል። ዳኞቻችንንም አመሰግናለሁ።

ያ ልጅ ዛሬ እዚህ የለም። ደውዬ ነበር፤ እናቱ አመስግናኝ ጥናት አለበት አለችኝ። ማሊያውን አጥባ፣ ተኩሳ መልሳልናለች። መኪናዬ ውስጥ ነው። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ይዤለት እሄዳለሁ። አብሮኝ የሚመጣ ካለ ሰባት ሰዓት ላይ በቤተ ክርስቲያኑ በር እጠብቃለሁ።