ልጁ ያውቃል፣ ግን በዛች ሰዓት አይደለም

[ምስል፦ ኮዬ ፈጬ፣ የኮንዶሚኒየም ደረጃ፣ ቢጫ ጄሪካኖች ተደርድረው]

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። የዛሬው ወሬ የሚጀምረው እዚሁ እኛ ደረጃ ላይ ነው። ባለፈው ውሃ በፈረቃ የመጣ ቀን ታናሽ ወንድሜ፣ 15 ዓመቱ ነው፣ ሃያ ሊትሯን ጄሪካን ሞልቶ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አረፍ ብሎ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር እያወራ ነበር፣ እማዬ ደግሞ ከስራ ወጥታ የታክሲ ሰልፍ አድክሟት ስትገባ አየችውና "አንተ እዚህ ተጎልተህ ታወራለህ? ቤት ውስጥ ጠብታ ውሃ የለም እኮ!" አለችው። ጓደኞቹ ፊት። ልጁ አንድ ቃል አልመለሰም፣ ፊቱ ልውጥ አለና ጄሪካኗን በእርግጫ አላት። ሥሯ ተሰነጠቀ፣ ስንት ሰዓት የተጠበቀው ውሃ ደረጃ በደረጃ እስከ ምድር ቤት ወረደ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሳየው በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ቢላ እያጋለ፣ ከተሰበረ ክዳን ላይ ፕላስቲክ እያቀለጠ ስንጥቁን ይደፍናል። "እንደምትሰነጠቅ አታውቅም ነበር?" አልኩት። "አውቃለሁ፣ ግን ያኔ አልመጣልኝም" አለኝ።

ይቺን መልስ አብዛኞቻችን ሰበብ ነው የምንላት፣ እኔም እንደዛ ነበር የምለው፣ አሁን ግን እውነቱን እንደነገረኝ አምናለሁ። ለምን እንደሆነ ላሳያችሁ።

[አኒሜሽን፦ ጭንቅላት ከጎን ሲታይ፣ ሁለት ቦታ ይበራል]

እዚህ ውስጥ፣ ባቄላ የምታክል አሚግዳላ የምትባል ክፍል አለች፣ በግራም በቀኝም። አደጋ፣ ንቀት፣ ውርደት የመሰለ ነገር ሲመጣ ቶሎ የምትነቃው እሷ ናት። ከግንባራችን ኋላ ደግሞ ፕሪፍሮንታል ኮርቴክስ አለ፣ "ቆይ እስኪ፣ ይሄን ባደርግ ምን ይመጣል?" የሚለው እሱ ነው። አዋቂም ቱግ ይላል፣ አዋቂ ስለሆንን አንናደድም ማለት አይደለም፣ ልዩነቱ ያ "ቆይ እስኪ" ምን ያህል ቶሎ ይደርሳል የሚለው ላይ ነው።

ኮዬ የምትኖሩ ይሄ ይገባችኋል፣ ፊኒሺንግ ሳያልቅ ነው ቤታችን የገባነው አይደል? ግድግዳው ቆሟል፣ በሩ ይዘጋል፣ ግን መስመሩ ገና እየተዘረጋ ነው። የጎረምሳ ጭንቅላትም እንደዛ ነው። ጉርምስና ሲጀምር የስሜቱ ክፍል ከሆርሞኑ ጋር ቶሎ ይግላል፣ ከግንባር ኋላ ያለው ግን እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ድረስ ስራ ላይ ነው፣ የማይጠቅሙ ግንኙነቶች ይቆረጣሉ፣ የቀሩት ደግሞ ማየሊን በሚባል ቅባት ይሸፈናሉ፣ ልክ ሽቦ ላይ እንዳለው ፕላስቲክ፣ መልእክቱ በፍጥነት እንዲሄድ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የ16 ዓመት ልጅ ረጋ ባለ ሰዓት አስቀምጣችሁ ብትጠይቁት ነገሮችን የማመዛዘን አቅሙ ከአዋቂ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ "ይሄ ልጅ ማሰብ አይችልም" ማለት ስህተት ነው። የሚከዳው ሲሞቅ ነው፣ በተለይ ደግሞ እኩዮቹ ፊት።

[ምስል፦ የኮምፒውተር የመኪና ጨዋታ፣ ቢጫ መብራት]

በ2005 እ.ኤ.አ. ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪዎች 306 ሰዎችን የመኪና ጌም አጫወቱ፣ ከ13 እስከ 16፣ ከ18 እስከ 22፣ እና ከ24 በላይ። ቢጫ ሲበራ ትቆማለህ ወይስ ትሄዳለህ ነው ጨዋታው። ለብቻቸው ሲጫወቱ ብዙም ልዩነት የለም። ጓደኞቻቸው አጠገባቸው ሲሆኑ ግን ትንንሾቹ አደጋ ውስጥ የሚገቡት እጥፍ ሆነ፣ መካከለኞቹ ላይ በግማሽ ያህል ጨመረ፣ አዋቂዎቹ ላይ ለውጥ የለም።

አሁን ወደ ደረጃው ተመለሱ። እማዬ ያችኑ ቃል ቤት ገብታ፣ በር ዘግታ ብትነግረው ኖሮ ያጉረመርም ይሆናል እንጂ ጄሪካኗ አትሰበርም ነበር ብዬ ነው የማስበው። ጥፋቱ የሱ ነው፣ ይሄን አልክድም፣ የአዲስ ጄሪካን ዋጋም ከኪሱ ነው የወጣው። ግን ልጅን ሰው ፊት መቆጣት እኛ ሰፈር እንደ ጥሩ አስተዳደግ ነው የሚታየው፣ "ሰው ይስማው፣ ይፈር" እንላለን፣ እና ሃፍረቱ እኮ ነው እሳቱ።

ስለ ሃፍረት ካነሳሁ፣ የሰፈራችን ወንዶች ሲያፍሩም "ተናደድኩ"፣ ሲከፋቸውም "ተናደድኩ" ነው የሚሉት። ስሜትን በትክክለኛ ስሙ መጥራት የአሚግዳላን ግለት እንደሚቀንስ በኤምአርአይ ታይቷል። ወንድሜን በረንዳው ላይ "ተናደህ ነው ወይስ አፍረህ?" ስለው ቢላውን አስቀመጠና ብዙ ቆይቶ "እነሱ ሲስቁ ነው" አለኝ። ከዛ በኋላ ነው ማውራት የቻልነው።

ሌላው ማንም የማያነሳው እንቅልፍ ነው። በጉርምስና ጊዜ የእንቅልፍ ሆርሞኑ ሜላቶኒን ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ማታ ቶሎ እንቅልፍ አልወሰደኝም ሲል ስልክ ብቻ አይደለም ምክንያቱ። ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ የሚመከረው ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ነው። እዚህ ዳር ያለን ሰዎች ልጅ ግን መሃል ከተማ የሚማር ከሆነ ለትራንስፖርቱ ብሎ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሳል፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኝቶ። አምስት ሰዓት ማለት ነው፣ በየቀኑ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ያቺ "ቆይ እስኪ" የምትለዋ ክፍል ትደክምበታለች፣ የኛም ትደክማለች፣ የነሱማ ገና ያላለቀች ናት።

[ምስል፦ በረንዳ፣ ሥሯ የተደፈነ ቢጫ ጄሪካን]

እማዬ ይሄን ሁሉ ስነግራት መጀመሪያ "እኛም ጎረምሳ ሆነን እናውቃለን" አለችኝ፣ አሁን ግን ልትቆጣው ስትፈልግ "እስኪ ና አንዴ" ብላ ወደ ቤት ታስገባዋለች። ቅዳሜ ጠዋት ውሃ ከመጣ ደግሞ የምቀዳው እኔ ነኝ፣ እሱን እስኪነቃ አንቀሰቅሰውም።