ማሽኑ ይነዝረኛል፦ የላውንደሪ ኤሌክትሪክ ላይ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለሆቴላችን የገዛነው ማጠቢያ 18 ኪሎዋት፣ ሦስት ፌዝ (ኤሌክትሪክ የሚያመጡ ሦስት ሽቦዎች) ይላል። ስንት አምፔር ብሬከር ይግባለት?

መልስ፦ 18,000 ዋቱን ለ380 ቮልት፣ ከዚያ ለ1.73 (የሦስት ፌዝ ማስሊያ ቁጥር ነው) ሲያካፍሉት 27 አምፔር ገደማ ይመጣል። 32 አምፔር ብሬከር፣ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ገመድ፤ የአርዙም፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወርደው የመከላከያ ሽቦ፣ እንደዚያው 6። ቦርዱ ሩቅ ከሆነ ገመዱ ይወፍራል።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ላውንደሪ አለኝ። ማሽኑ ሲነዝረኝ ሠሪው ኒውትራሉን ከማሽኑ አካል ጋር አሰረልኝና ንዝረቱ ጠፋ። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው እህቴ፣ አሁኑኑ ከዋናው ብሬከር ያስጠፉት። ይህ ጥያቄ መምጣቱን አላቆመም፣ እኔም መመለሴን አላቆምም፤ ሰው የሚገድል ልማድ ነው። ኒውትራል ማሽኑ ሲሠራ ጅረት የሚመለስበት ሽቦ ነው። አርዝ ግን በደህናው ጊዜ ባዶውን ይቀመጣል፤ ሥራው ብልሽት ሲመጣ ነው። ኒውትራሉ ከቆጣሪው ሥር ቢላላ ወይም ቢበጠስ፣ በኮንታክተሩ (ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋው ማብሪያ) ኮይል አልፎ የመጣው ጅረት መመለሻ ያጣና የማሽኑ አካል እስከ 220 ቮልት ሊይዝ ይችላል። አጭር ዙር ስለሌለ ብሬከሩ አይወርድም። እርጥብ ወለል ላይ ቆማ አንሶላ የምታወጣዋ ልጅ መመለሻው ትሆናለች። ምሰሶ ላይ ፌዝና ኒውትራል ከተቀያየሩማ ምንም ሳይበጠስ አካሉ ራሱ ፌዝ ነው።

ማሰሪያው ይነቀል። ከቦርዱ የአርዝ ባር አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ለብቻው ይዘርጋ፣ የማሽኑ ቀለም ተፍቆ በቡሎን ይጥበቅ። 30 ሚሊ አምፔር ወደ መሬት ሲያፈተልክ የሚቆርጥ የአርዝ ሊኬጅ ብሬከርም ይግባ። «አርዝ ካለ ይህ ለምን?» ለምትሉኝ፦ የአርዙ ተቃውሞ 20 ኦም ቢሆን 220 ቮልት የሚያሳልፈው 11 አምፔር ብቻ ነው። 32 አምፔሩ ብሬከር አይነቃነቅም። ከዚያ ንዝረቱን ያመጣው ብልሽት ይፈለግ። ሳትለኩ አትንኩ!

ጥያቄ፦ የአርዝ ሊኬጁ ውሃ ማሞቅ ሲጀምር ይወርዳል። በቀጥታ ላገናኘው?

መልስ፦ በፍጹም! ብሬከሩ እውነቱን እየነገርዎት ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሪዚስታንስ (ውሃውን የሚያሞቀው ዘንግ) ነው፤ ቅርፊቱ ተሰንጥቆ ውሃ ገብቶበታል። አጥፍተው፣ ብሬከሩን ቆልፈው፣ ሦስቱን ሪዚስታንስ ከሽቦ ይፍቱና እያንዳንዱን ከአካሉ ጋር በ500 ቮልት ሜገር (ጅረት ማፈትለኩን የሚለካ መሣሪያ) ይለኩ። ከ1 ሜጋ ኦም በታች ያነበበው ይቀየር። ኢንቨርተር (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠር ዕቃ) ያለው ማሽን ከሆነ ሜገሩን ኢንቨርተሩ ላይ አያድርጉ፣ ይቃጠላል። ካጠፉ በኋላም በውስጡ ያለው ቮልቴጅ እስኪወርድ 10 ደቂቃ ይጠብቁ። ሳትለኩ አትንኩ።

ጥያቄ፦ መብራት ተመልሶ ሲመጣ ሞተሩ ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም።

መልስ፦ አንድ ፌዝ ጎድሏል፤ ቶሎ ያጥፉት፣ ይቃጠላል። ፌዝ ሲጎድል የሚቆርጥ ሪሌ ያስገቡ፣ ኦቨርሎዱንም (ሞተሩ ከልክ በላይ ጅረት ሲስብ የሚያጠፋውን) በሞተሩ ሳህን ላይ በተጻፈው አምፔር ያስተካክሉ።

ጥያቄ፦ አርዙን ከውሃ ቧንቧ ጋር ብናስረውስ?

መልስ፦ አይሆንም። ዛሬ መስመሩ መሐል ላይ ፕላስቲክ ነው።

ጥያቄ፦ ጣና ሐይቅ አጠገብ ስለሆንን መሬቱ እርጥብ ነው፤ አንድ የአርዝ ዘንግ አይበቃም?

መልስ፦ በክረምት ይበቃ ይሆናል። ጥቁሩ አፈር ግን በበጋ ይሰነጠቅና ከዘንጉ ይላቀቃል። 2.4 ሜትር የሚደርስ ዘንግ ይቅበሩ፤ ካልበቃ ሁለተኛውን ቢያንስ በዘንጉ ርዝመት ልክ አርቀው ይጨምሩ። ጨው አይጨምሩበት፤ ዝናብ ያጥበዋል፣ ብረቱንም ይበላዋል። ልኬቱን በሚያዝያ፣ መሬቱ ሲደርቅ፣ የአርዝ መለኪያ ያለው ባለሙያ ያድርግልዎት፤ በቴስተር አይለካም።