ቮልሷ አልነሳ ስትል ኮይል ለመግዛት አትሩጡ

[ምስል፦ የቮልስ የኋላ ወንበር ሲነሳ]

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ዛሬ የማወራው ጠዋት አልነሳ ስላለች አሮጌ ቮልስ ነው። መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ቁልፍ ስታዞሩ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሹ ሞተር) ይዞራል ወይስ አይዞርም? ሁለቱ የተለያየ በሽታ ናቸው፤ ይህን ሳይለዩ ዕቃ መግዛት ብር መበተን ነው።

ካልዞረ ወይም ጠቅ ብሎ ከቀረ ወደ ባትሪው ሂዱ። ያለው እዚህ የኋላ ወንበር ሥር ነው። መልቲሜትር ካላችሁ ለኩት። የ12 ቮልት ባትሪ ሙሉ ሲሆን 12.6 ገደማ ያነባል። ጥንታዊዎቹ ቮልሶች 6 ቮልት ስለሆኑ የእናንተን አስቀድማችሁ እዩ። የ12 ቮልቱ፣ ሞተሪኖው ሲጎትት ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል። ቁጥሩ ደህና ሆኖ ሞተሪኖው ካልዞረ ግን ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ከቦዲው ጋር የሚያገናኘውን የተጎነጎነ ሽቦ ተመልከቱ። ሰው የሚረሳው ይህን ነው። ጭቃና ዘይት ይጠጣል፣ ይዝጋል፣ ከዚያ ባትሪው አዲስ ቢሆንም መንገዱ ተዘጋ ማለት ነው። በጃምፐር ኬብል የባትሪውን ኔጌቲቭ ከካምቢዮው ብረት ጋር ብታገናኙትና ሞተሪኖው ፈጥኖ ከዞረ ጥፋቱ ተገኘ።

[ምስል፦ የኋላ ኮፈን ተከፍቶ፣ ኮይሉ በቅርበት]

አሁን ሞተሪኖው በደንብ ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም እንበል። ማርሹን ፍሪ አድርጉ፤ ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ግን የኮይሉን እሳት (ስፓርክ) አትፈትሹ፣ ፍሳሹ ይቅደም። ከኮይሉ (የባትሪውን ቮልት ከፍ አድርጎ እሳት ከሚፈጥረው ዕቃ) መሃል የሚወጣውን ወፍራም ገመድ ከዲስትሪቢዩተሩ (እሳቱን ለየካንዴላው ከሚያከፋፍለው) ክዳን ንቀሉና በላስቲክ እጀታ ፒንሳ ይዛችሁ ከሞተሩ ብረት ግማሽ ሳንቲ ሜትር አርቁት። ሌላ ሰው ቁልፉን ያዙር። ሰማያዊ እሳት ጠጭ ጠጭ ካለ ኮይሉ ደህና ነው፣ ጥፋቱን ክዳኑ፣ ሮተሩ (ክዳኑ ሥር የሚሽከረከረው) ወይም ካንዴላው ላይ ፈልጉ። እሳት ከሌለ ግን ኮይሉ ሞቷል ብላችሁ አትቸኩሉ።

ሁለት ሽቦ ያላት የመኪና አምፖል ይበቃችኋል። አንዱን ሽቦ ብረት ላይ እሰሩ፣ ሌላውን ኮይሉ ላይ 15 የሚለው ጋ ንኩ። ቁልፉ ተከፍቶ አምፖሏ ካልበራች መብራቱ ኮይሉ ጋ አልደረሰም፣ ስለዚህ ከቁልፉ የሚመጣውን ሽቦ ተከተሉ። ከበራች ወደ 1 ቁጥር ተሻገሩና ሞተሪኖውን አዙሩ። በራ ጠፋ፣ በራ ጠፋ ማለት አለባት። ሳትጠፋ ከቆየች ኮንታክት ፖይንቱ (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እየገጠመና እየተከፈተ መብራቱን የሚቆራርጠው) እየገጠመ አይደለም፣ ወይ ወደ እሱ የምትሄደው ሽቦ ተበጥሳለች። ጭራሽ ካልበራች ፖይንቱ አልከፍት ብሏል፣ ወይ ኮንደንሰሩ (ከፖይንቱ ጋር የሚሠራው ትንሽ ጣሳ መሰል ዕቃ) ሾርት አድርጓል፣ ወይ ኮይሉ ውስጡ ተቆርጧል። ኮይሉን የምትጠረጥሩት ገና አሁን ነው። ሽቦዎቹን ነቅላችሁ በ15 እና በ1 መሃል ስትለኩ የ12 ቮልቱ ኮይል ከ3 እስከ 4 ኦም ገደማ ካነበበ ይህ ክፍሉ አልተቆረጠም።

[ምስል፦ ክዳኑ ተነስቶ፣ ፖይንቱ በጣም በቅርበት]

ፖይንቱን ልብ ብላችሁ እዩት። አንዱ ፊት ጉድጓድ፣ ሌላው ፊት ጉብታ አብቅሎ ከጠቆረ ተቃጥሏል። በሙሉ ሲከፈት ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ይሁን። ደግሞም ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ከፍታችሁ አትቆዩ፣ ኮይሉም ፖይንቱም ይግላሉ።

በአባቴ ቮልስ የደረሰብን እንዲህ ነው። አንድ መካኒክ ኮይሉ ሞቷል አለን። ሶማሌ ተራ ሄደን ገዛን፣ ካንዴላም ቀየርን፣ አልተነሳችም። ሁለት ቀን ግቢ ውስጥ ስትገፋ ዋለች። በኋላ አምፖል ይዘን ስንፈትሽ 1 ቁጥር ላይ በርታ ቀረች። ፖይንቱ ግን ንጹሕ ነው፣ ክፍተቱም ልክ ነው። ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ወደ ፖይንቱ የምትሄድ አጭር ሽቦ አለች። ላስቲኳ ምንም አልሆነም። በጥፍሬ ይዤ ሳጥፋት ግን እንደ ክር ለሰለሰች፤ መዳቡ ውስጥ ለውስጥ ተበጥሷል። ሽቦዋን ቀየርን፣ አሮጌውን ኮይል መልሰን ገጠምን፣ አንዴ ቁልፍ ሲዞር ተነሳች። ያ ኮይል ዛሬም እየሠራ ነው።