የቆረጥሁት ዝምታ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ላወራችሁ የፈለግሁት አንብቤ ከጨረስሁት ቀናት ቢያልፉም ከጆሮዬ ስላልወጣ አንድ ልብ ወለድ ነው። ካናዳዊቷ ደራሲ ኮርትኒ ሰመርስ እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተመችው «ሴዲ» ይባላል፤ በማግሥቱ ዓመትም ለወጣት አንባብያን በተጻፉ የወንጀል መጻሕፍት ዘርፍ የኤድጋር ሽልማትን ወስዷል።

መጽሐፉ ሁለት ተራኪ አለው። የ19 ዓመቷ ሴዲ፣ እናታቸው ጥላቸው ከሄደች በኋላ እንደ እናት ሆና ያሳደገቻት የ13 ዓመት እህቷ ማቲ ተገድላባት፣ ገዳዩ ነው የምትለውን ሰው ስለት ይዛ ስታሳድድ ራሷ ትነግረናለች። በየመሐሉ ደግሞ ዌስት ማክሬይ የተባለ የራዲዮ ጋዜጠኛ፣ ሴዲ ከጠፋችና መኪናዋ ተጥሎ ከተገኘ በኋላ፣ አያት ሆነው ያሳደጓት አሮጊት «አፋልጉኝ» ብለውት የሚያዘጋጀው ፖድካስት ቃል በቃል ተጽፎ ይቀርባል። እርሱ በር በሚያንኳኳበት ጊዜ ሴዲ ከዚያ ቤት ከወጣች ቆይታለች፤ ውስጥ የሆነውን እኛ አይተናል፣ እርሱ ግን የሚሰማው ባለቤቶቹ ሊነግሩት የፈቀዱትን ብቻ ስለሆነ፣ አንባቢው «አሁን ምን ብለው ይዋሹት ይሆን?» እያለ ይጨነቃል። መጨረሻው ሴዲ የት እንደደረሰች አይነግረንም፤ በዚህ የሚናደዱ አንባብያን አሉ፣ እኔ ግን ለደራሲዋ እፈርድላታለሁ።

ይበልጥ የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ሴዲ ተብታባ ናት። ደራሲዋ ይህን አልሸፈነችውም፤ ፊደሉ ይደጋገማል፣ ቃሉ መሐል ላይ ይቆማል፣ ፊት ለፊቷ ያለው ሰውም እስክትጨርስ መታገሥ ያቅተዋል። የዌስት ክፍሎች ግን እንደ ማንኛውም የተቀናበረ ፕሮግራም ያለ እንቅፋት ይፈስሳሉ። አሳታሚው እነዚህን ክፍሎች ለብቻቸው እውነተኛ ፖድካስት አድርጎ አሰራጭቷቸዋል፤ እነርሱን ብቻ የሰማ ሰው ሴዲን የሚያውቃት ሌሎች ስለ እርሷ በተናገሩት ነው።

እዚህ ላይ መጽሐፉን አስቀመጥሁት። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት፣ ተሰድዶ ድምፁ ስለጠፋ ልጃቸው ሲነግሩኝ፣ ስሙ ላይ ሲደርሱ ቃል አጠራቸው። በቅንብር ጊዜ ዝምታው ኮምፒውተሬ ላይ እንደ ቀጭን ክር ተጋድሞ አየሁትና ቆረጥሁት፤ 11 ሰከንድ ነበር። ፕሮግራሙ «ጥሩ ተቀናብሯል» ተባለልኝ። ያልተቆረጠው ቅጂ አሁንም እኔ ዘንድ ስላለ ትናንት ማታ ከፍቼ አዳመጥሁት፤ ሲኒ ሲቀመጥ ይሰማል፣ ቀጥሎ ረጅም ትንፋሽ፣ ከዚያም ስሙ።