የሱፒሪየር ሐይቅ ዳርቻ በብርዱ ወራት፦ መሬቱ የት ያበቃል?

[ምስል፦ ዱሉት ከተማ፣ ብራይተን ቢች። ጥቁር ድንጋይ፣ ከፊቱ የተቆለለ ሰማያዊ በረዶ።]

ተራኪ፦ ይህ ዳርቻ በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ነው፤ ከሚኒያፖሊስ ከተማ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይርቃል። ሐይቁ ሱፒሪየር ነው፤ ስፋቱ 82,100 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ እስከ 406 ሜትር። ከሃያ በላይ ጣናዎችን ይይዛል። የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ኦጂብዌዎች «ጊቺጋሚ» ይሉታል፤ ታላቅ ባሕር ማለት ነው።

በቋንቋችን ከሰማይ የሚወርደውንም፣ ውኃ ላይ የሚጋገረውንም «በረዶ» እንላለን። እዚህ ግን ከሰማይ የሚወርደውን «ስኖው» ብለን ውኃ ላይ ከሚጋገረው በረዶ መለየት የሕይወት ጉዳይ ነው። ስኖው በረዶውን ይሸፍነዋል፤ የተሸፈነ በረዶ ደግሞ መሬት ይመስላል።

[ሥዕል፦ ሐይቁ በጎን ተቆርጦ ሲታይ፤ ወደ ታች የሚወርዱ ቀስቶች።]

ውኃ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ይከብዳል፤ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስም ወደ ታች ይሰምጣል። ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይቀላል፣ ላይ ይቀራል፣ በረዶ ይሆናል። ጥልቀት የሌለው ዳር ቶሎ ይጋገራል፤ መሐሉ ግን የያዘውን ሙቀት ለመልቀቅ ወራት ይፈጅበታል። በረዶው አብዛኛውን ጊዜ የሚበዛው በፌብሩዋሪና በማርች የሆነው ለዚህ ነው። በጃንዋሪ ፊታችሁ በብርድ እየተቃጠለ ሐይቁ ገና ማዕበል ሊመታ ይችላል።

ከሐይቁ ወደ ዱሉት የሚነፍስ ነፋስ ስስ የበረዶ ንጣፎችን እየገፋ ያመጣል። ዳር ሲደርሱ ይሰበራሉ፣ አንዱ በሌላው ላይ ይወጣል፣ እንደ መስኮት መስታወት ይደረደራሉ። እስቲ አብረን እንስማው።

[ድምፅ፦ ስስ በረዶ ሲንኳኳ፤ ለአምስት ሰከንድ ያለ ንግግር።]

ይህን ድምፅ ለመስማት ብቻ መምጣት ይገባል እላለሁ። ነገር ግን ነፋሱ ዞሮ ከምድር ወደ ሐይቅ ከነፈሰ፣ ያው ንጣፍ ከዳር ተላቆ ይሄዳል። ላዩ ላይ የቆመም ሰው አብሮ ይሄዳል።

[ሥዕል፦ ከዳር ወደ ውኃ የወጣ የበረዶ መደርደሪያ፤ ከሥሩ ባዶ።]

ይበልጥ የሚያስፈራኝ ይኼኛው ነው። ማዕበል የሚረጨው ውኃ ድንጋዩ ላይ እየተጋገረ፣ ቀን በቀን ወደ ሐይቁ ይረዝማል። ላዩ ስኖው ለብሶ ሜዳ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ማዕበሉ እየቦረቦረው ነው። የረገጡት ቢከዳ የሚወድቁት በበረዶ ግድግዳ ወደተከበበ ውኃ ነው፤ ለመውጣት የሚያዝ ነገር የለም። ስለዚህ ድንጋዩን ወይም ዛፉን በዓይናችሁ እያያችሁ ሂዱ። ከእግራችሁ ሥር ጠጠር መኖሩን ካላወቃችሁ ተመለሱ። በሚኒሶታ ለእግረኛ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጥርት ያለ በረዶ ያስፈልጋል ይባላል፤ ይህ ግን ለትንንሽና ጸጥ ላሉ ሐይቆች የሚሠራ ልክ ነው። እዚህ ብቻውን አትመኑት።

ልብስን በተመለከተ፦ ከውስጥ ጥጥ አትልበሱ። ጋቢያችን ቤት ውስጥ ወደር የለውም፤ ጥጥ ግን ላብ ሲጠጣ ሙቀትን ከሰውነት ይወስዳል። ሱፍ ይሻላል። ከጫማ ሥር የሚታሰር ባለ ጥርስ ብረት ያዙ፣ እርምጃችሁን አሳጥሩ፣ ስልካችሁን ደረታችሁ ኪስ ውስጥ አድርጉ፤ ብርድ ባትሪ ይገድላል።

ሰው ውኃ ውስጥ ቢገባስ? የመጀመሪያዋ ደቂቃ ትንፋሽን ለመሰብሰብ ነው፤ ማለክለኩ እስኪበርድ ጭንቅላትን ከውኃ በላይ መያዝ። እጅና እግር የሚታዘዙት ከዚያ በኋላ ለአሥር ደቂቃ ያህል ነው። ወደ መጣችሁበት ዙሩ፤ ያ በረዶ ቅድም ተሸክሟችሁ ነበርና። እግራችሁን እያወራጫችሁ በደረታችሁ ውጡ፣ ሳትቆሙ ተንከባለሉ። ዳር ያለው ሰው አይጠጋ፤ 911 ይደውል፣ ገመድ ወይም ረጅም እንጨት ይወርውር።

[ምስል፦ ቀይ የገደል ዋሻዎች፣ ከጣራቸው የተንጠለጠለ በረዶ።]

በዚሁ ሐይቅ፣ በጎረቤት ዊስኮንሲን ግዛት በኩል ባሉት የአፖስል ደሴቶች፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በረዶው ጠንክሮ ከ100,000 በላይ ሰው እስከ ዋሻዎቹ በእግሩ ሄዷል። በ2015 መንገዱ የተከፈተው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነበር።

እኛ ዛሬ የምንሄደው በጠጠሩ ላይ ነው። ነፋሱ ከሐይቁ ነው፣ ሰዓቱ ገና ጠዋት ነው።

[ምስል፦ የእግር ዱካ፣ በዛፎቹና በድንጋዩ መካከል።]