ጉልበትዎ ጉድጓድ አለበት ወይስ መንገዱ አልቋል?

[ምስል፦ ደሴ፣ ጠዋት። አንዲት እናት የድንጋይ ደረጃ ሲወርዱ]

እናቴን እዩአት። ወደ ሰኞ ገበያ የምትወርደው በዚህ ደረጃ ነው። ወደ ጎን ዞራ፣ ግድግዳውን ይዛ፣ አንድ እግሯን አስቀድማ ሌላውን ታስከትላለች። ዳገቱን ትችለዋለች፤ የሚያንገበግባት ቁልቁለቱ ነው። ደሴ ላይ ደግሞ ከቁልቁለት የት ይኬዳል?

[ምስል፦ የበግ ጉልበት መገጣጠሚያ፣ በቅርብ]

የበዓል በግ ሲበለት የአጥንቱ ጫፍ ላይ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ የሚያዳልጥ ነገር አይታችኋል? ልም አጥንት እሱ ነው። በእኛ ጉልበት ላይ ውፍረቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የደም ስር የለውም። ቁስል የሚሽረው ደም ስለሚደርሰው ነው፤ እዚህ ግን አይደርስም። ስለዚህ አንዴ ከተጎዳ እንደ ቆዳ መልሶ አይገጥምም። ነርቭም ስለሌለው ዝም ብሎ ያልቃል። የምንሰማው ሕመም ከሥሩ ካለው አጥንትና ከመገጣጠሚያው ሽፋን የሚመጣ ነው።

አሁን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን የሐረጎን መንገድ አስቡት። አስፋልቱ አንድ ቦታ ላይ ከተቦረቦረ ይደፈናል። ከላይ እስከ ታች ተፈግፍጎ ካለቀ ግን አንዷን ጉድጓድ መድፈን ምን ይረባል? ጉልበትም እንዲሁ ነው። ኳስ ሲጫወት ጉልበቱ የተጠመዘዘ የ25 ዓመት ልጅና እናቴ አንድ ዓይነት ሕክምና አያስፈልጋቸውም።

ለጉድጓዱ ኦፕራሲዮን አለ። አንደኛው አጥንቱን በትንንሹ መብሳት ነው። ከመቅኒው የሚወጣው ደም ይረጋና ጠባሳ መሳይ ልም አጥንት ይሠራል። ለትንሽ ጉዳት ይሆናል፤ ጥንካሬው ግን እንደ መጀመሪያው አይደለም። ሌላው፣ ክብደት ከማያርፍበት የጉልበት ክፍል ልም አጥንቱን ከነአጥንቱ ቆርጦ ጉድጓዱ ላይ መትከል ነው። ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ1987 ስዊድን ውስጥ ተጀመረ፦ የራስን ሴል ወስዶ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ለሳምንታት አራብቶ መመለስ። ውድ ነው፤ ሁለት ጊዜም ኦፕራሲዮን ይጠይቃል።

መንገዱ ላለቀበት እነዚህ አይሠሩም። ይህን አጥብቄ የምናገረው ሰው ላም ሸጦ ሲታከም ስላየሁ ነው። «ጉልበቴን በካሜራ ገብተው ይጠቡልኝ» የሚል ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ይህንኑ ፈትሾ ነበር። 180 ታካሚዎች ተከፈሉ። ለአንዳንዶቹ ጉልበታቸው ታጠበ ወይም ተጠረገ፤ ለሌሎቹ ቆዳቸው ብቻ ተቆርጦ ተሰፋ። ማን ምን እንደተደረገለት አያውቅም። ሁለት ዓመት ቢከታተሏቸው በሕመማቸው ላይ ልዩነት አልተገኘም።

[ምስል፦ እናት ወንበር ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ሲያነሱ]

ታዲያ ምን ይሻላል? የጭን ጡንቻ። ቡናው እስኪፈላ እናቴ እግሯን ቀጥ አድርጋ ታነሳለች፤ እስከ 5 ትቆጥርና ቀስ ብላ ትመልሳለች። በየእግሩ 10 ጊዜ። ቡናውንም ከበርጩማ ተነስታ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ሆና ነው የምታፈላው። ምርኩዟን በታመመው በኩል ትይዝ ነበር፤ በጤነኛው በኩል ነው የሚያዘው። ውፍረት ላለበት ደግሞ 1 ኪሎ መቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበቱ ላይ 4 ኪሎ ያህል ጫና ያነሳል። ሶላትም ሆነ ጸሎት ወንበር ላይ ይቻላል፤ አብሽሩ።

ዳይክሎፌናክ የሚባለው ክኒን ሕመሙን ያስታግሳል፤ ግን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳልና ከፋርማሲ በዘፈቀደ ገዝታችሁ አትዋጡ። ስቴሮይድ የሚባለው የጉልበት መርፌም ለሳምንታት ያሳርፋል፤ ሲደጋገም ግን ልም አጥንቱን ሊያሳሳው ይችላል። ያለቀ ልም አጥንት የሚያበቅል ክኒን የለም።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ሌሊት እንቅልፍ ከነሳ፣ መገጣጠሚያውን በብረትና በፕላስቲክ መቀየር አለ። አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ ራጁ ቆማችሁ ይነሳ እንደሆነ ጠይቁ። ተኝቶ የተነሳ ራጅ በአጥንቶቹ መካከል የቀረውን ክፍተት በደንብ አያሳይም።

ጉልበቱ በድንገት ካበጠ፣ ከጋለና ትኩሳት ካለው ግን ወጌሻ ጋ ወስዳችሁ አታሳሹት። ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይድረስ።