ስም ሲጠራ «አቤት» እንዲል

(በአዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በመስከረም ወር የወላጆች ስብሰባ ላይ በርዕሰ መምህሩ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣ የወላጅ መምህር ኅብረት አባላት፣ መምህራን፣ እዚህ ፊቴ መሬት ላይ የተቀመጣችሁ ልጆቼ፤ እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ።

ወንበር ስላነሰን ይቅርታ። የቆማችሁ ወደ ዛፉ ጥላ ጠጋ በሉ። ከሥራ አስፈቅዳችሁ፣ ጉሊታችሁን ለጎረቤት አደራ ሰጥታችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ አላንዛዛም።

ክረምቱን ያለፈውን ዓመት የስም መጥሪያ መዝገቦች ሳገላብጥ ነው የከረምኩት። የታመመ ልጅ ይቀራል፤ በዚህ ክርክር የለም። መምህራን ከቀሪዎች ስም ጎን በእርሳስ የጫሯቸው ሌሎች ምክንያቶች ናቸው ቆም ያደረጉኝ። «ውሃ ስትጠብቅ»። «ሕፃን ይዞ»። «ወፍጮ ቤት»። «ለቅሶ»። «ለጥምቀት አገር ቤት ሄዶ አልተመለሰም»። «ትምህርት ጠልቶ» የሚል ፈልጌ ያገኘሁት በጣት የሚቆጠር ነው። እነዚህ ልጆች አልቀሩም እኮ፤ እኛ ትልልቆቹ ነን ያስቀረናቸው።

ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ የማላውቅ አይምሰላችሁ። የእኔም ቤት በጀሪካን የተሞላ ነው። ግን ቧንቧው ሥር የምትቆመው ሁልጊዜ የሦስተኛ ክፍሏ ልጅ ለምን ትሆናለች? ወንድሟ የት ሄዶ? ጎረቤት ከጎረቤት ተራ መያዝ ለዕድርና ለዕቁብ የሚያቅተን ሕዝብ አይደለንም፤ ለውሃውም አያቅተንም።

«አንድ ቀን ብትቀር ምን ይጎድልባታል?» ይሉኛል። አብረን እናስላ። ፈተናውንና ዕረፍቱን ቀንሰን የመማሪያ ጊዜው 36 ሳምንት ነው እንበል። በየሳምንቱ አንድ ቀን የሚቀር ልጅ በዓመቱ መጨረሻ 36 ቀን ቀርቷል። የሳምንቱ ትምህርት አምስት ቀን ነውና፣ ከሰባት ሳምንት በላይ መሆኑ ነው። የሚያረፍደውስ? በየቀኑ 10 ደቂቃ ብቻ የሚያረፍድ ልጅ በዓመት 1,800 ደቂቃ አጥቷል። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው፤ ስለዚህ 45 ክፍለ ጊዜ። ያም ሁሌ የጠዋቱ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ነው፤ አእምሮ ትኩስ የሚሆንበት።

ቁጥሩ ካልገባችሁ ይህን ተመልከቱ። ባለፈው ዓመት አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ ጠርቼ 47 ሲቀነስ 19 ስንት ነው አልኩት። ሳያመነታ 32 አለኝ። ሰነፍ አይደለም፤ ፈጣን ልጅ ነው። ከ7 ላይ 9 ሲያቅተው ገልብጦ ከ9 ላይ 7 ይቀንስና 2 ይጽፋል። ከአሥር ቤት መበደር የሚባለውን አያውቅም። ይህ ትምህርት በተሰጠበት ሳምንት አልነበረማ! ከዚያ ወዲህ በየፈተናው ያችው ጉድለት ትከተለዋለች፤ እሱም «ሒሳብ አይገባኝም» ማለት ጀምሯል። ፊደሉም እንዲሁ ነው። 33ቱ ሆሄያት በሰባት ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ አንደኛ ክፍል እነዚህን ጥቂት ጥቂት እያለ ይቆርሳል። የተቆረሰለት ቀን ያልነበረ ልጅ ገጹን ሲያነብ እዚያች ፊደል ላይ ሲደርስ ይሰናከላል፤ ሌሎቹ ይስቃሉ። በማግስቱ ሆዴን ቁርጠት ያዘኝ ቢላችሁ አትደነቁ።

አሁን ወደ በሩ ልምጣ። ሰልፍ 1 ሰዓት ከ50 ላይ ነው። ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ፣ መዝሙር ተዘምሮ፣ 2 ሰዓት ላይ ስም ይጠራል። ከዚህ በፊት አርፋጅን ከበር እንመልስ ነበር፤ ተሳስተናል። የተመለሰ ልጅ ቤቱ አይሄድም፤ ፕሌይስቴሽን ቤት ነው የሚገባው። ዘንድሮ ማንም ልጅ ከበር አይመለስም፤ በአርፋጅ መዝገብ ይመዘገብና ክፍሉ ይገባል፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ ከተመዘገበ ለእናንተ ይደወላል። ሰፈራቸው ለመልሶ ማልማት ተነሥቶ ሁለት ታክሲ ይዘው የሚመጡ ልጆች አሉን፤ እነሱን እንደ ሰነፍ አንቆጥርም። ቅርባችሁ ወዳለ ትምህርት ቤት መዛወር ከፈለጋችሁ መልቀቂያውን እንሠራለን፤ ብቻ ልጁን ዝም ብላችሁ አታጥፉብን። መምህራንንም እላለሁ፦ ልጅ 2 ሰዓት ገብቶ መምህር 2 ሰዓት ከሩብ የሚገባ ከሆነ ይህን ንግግር ባላደርግ ይሻለኛል። የእናንተም መዝገብ ቢሮዬ ነው ያለው።

ስለ ባሕርይ። በየዓመቱ «እንደ ልጃችሁ ግረፉልን» የሚለኝ ወላጅ አይጠፋም። በቅንነት እንደሆነ ይገባኛል። እኔም ማስተማር ስጀምር ልምጭ ይዤ ነበር የምገባው፤ አልዋሻችሁም። የሰጠኝ ጸጥታ እንጂ ትምህርት አልነበረም፤ እጁን የተገረፈ ልጅ እርሳስ ሲይዝ ይንቀጠቀጣል። ደግሞም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት እንዲጠበቁ ደንግጓል። ስለዚህ አለንጋ፣ ኩርኩም፣ ማንበርከክ እዚህ ግቢ ውስጥ የለም። ያየ ይንገረኝ። ያበላሸ ያስተካክላል፤ የሰደበ ፊት ለፊት ይቅርታ ይጠይቃል፤ የጓደኛውን ላጲስ የወሰደ ይመልሳል። በአካል ጉዳት፣ በብሔር፣ በሃይማኖት ማላገጥ ግን በቀላሉ አይታለፍም፤ እንዲህ ያለውን ቃል ልጅ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ከቤት ስለሆነ የምንጠራው እናንተን ነው። ሞባይል አይመጣም። ከበር ውጭ ተቀጣጥሮ መደባደብም ዩኒፎርሙ እስካልወለቀ ድረስ የእኛ ጉዳይ ነው።

«ወላጅ ይዘህ ና» ስንል ደግሞ ወላጅ ማለታችን ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ልጅ አጎቴ ነው ብሎ አንድ ጎልማሳ ይዞልኝ መጣ። ግማሽ ሰዓት መከርኩት፤ አንገቱን ደፍቶ «ልክ ነዎት፣ ልክ ነዎት» እያለ ሰማኝ። እንዴት ያለ ጨዋ ቤተሰብ ነው ብዬ ተገረምኩ። በሳምንቱ ታክሲ ስሳፈር «መገናኛ! መገናኛ!» እያለ የሚጠራው ረዳት ያ አጎት ሆኖ ተገኘ። በ20 ብር ተከራይቶት ኖሯል። ሒሳብ አልቀበልም ቢለኝም ከፈልኩ። (ሳቅ ይበቃል፤ እዚያ ኋላ ያላችሁ ልጆች፣ ዘዴውን አውቄዋለሁ።)

አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ያሏችሁ ሴቶች ልጆች በየወሩ ሁለት ሦስት ቀን የሚቀሩ ከሆነ ምክንያቱን ሁላችንም እናውቃለን፤ እናቶች፣ ሴት መምህራኖቻችንን ቀርባችሁ አነጋግሩ። አባቶችም ብትሆኑ አትፈሩ። ስለ ምግብ አትጨነቁ። ከ2011 ዓ.ም. በፊት ያስተማረ መምህር በባዶ ሆዱ መጥቶ ዴስክ ላይ የሚደፋ ልጅ ያስታውሳል፤ ዛሬ ምገባ አለ፤ ቁርሱ ከሰልፍ በፊት ስለሆነ ግን የሚያረፍድ ልጅ እሱም ያመልጠዋል።

አንድ ነገር ብቻ አስቸግራችሁ። ከዘንድሮ ጀምሮ የቀረ ልጅ ካለ እስከ 4 ሰዓት ድረስ እንደውላለን። ባለፈው ዓመት ስንሞክር ብዙው ቁጥር «ጥሪ አይቀበልም» ይል ነበር፤ ሲም ቀይራችኋል፣ ወይ በምዝገባ ቀን የጎረቤት ቁጥር ሰጥታችኋል። ከመሄዳችሁ በፊት በክፍል ኃላፊ መምህሩ ፊት የሚሠራ ስልካችሁን አስመዝግቡ። አንደኛና ሁለተኛ ክፍል በዚህ በኩል፣ ሦስተኛና አራተኛ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ፣ አምስተኛና ስድስተኛ እኔ ጋ። ሕፃን ያዘላችሁ እናቶች ከሰልፉ ፊት ቅደሙ።